ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍል ውስጥ እንድንገኝ ላዘዙን ዳይሬክተር

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ዕቅድና መርሐ ግብር ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሚያስቸግርዎ ወገብዎ፣ እንዲሁም ሁልጊዜ «እየተሠራበት ነው» የሚባለው ሲስተምዎ እንደምን አሉ? እኔ ከፍርሃቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት ተርፎኝ እንዳይመስልዎ። በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ፣ ብዙ ሰው የሚያነበው ነገር ከሆነ ምናልባት እርስዎም በአንዱ ሰው ትከሻ ላይ አሻግረው ያዩት ይሆናል ብዬ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመኝታ ክፍልም የትምህርት ክፍልም ጓደኛዬ የሆነችው፣ እኛ «ጭምት» ብለን የምንጠራት ልጅ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ጥፋቷ በክሱ ላይ «ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሠራችውም በመሠረት ምህንድስና ክፍል ውስጥ የሌላ ተማሪ ስም ሲጠራ «አለሁ» ማለቷ ነው። ቅጣቱ፣ የተማሪዎች መመሪያችን እንደሚለው፣ ከትምህርት ገበታ መሰናበት ነው። ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት ልጅ ናት። ያች ስሟ የተጠራው ሌላ ተማሪ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈርቻለሁ። ለእሷም ፈርቻለሁ፣ ለራሴም ፈርቻለሁ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቢሮዎ ተራ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማይቀበል ጸሐፊዎ ነግረውኛል።

፩ኛ። በመጀመሪያ ስለ መርሐ ግብሩ አመሰግናለሁ። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ ዳይሬክቶሬትዎ ይህን ምክር ሰምቶ ሁለቱንም ባላ በአንድ ጉድጓድ ተክሎልናል። የድልድይ ዲዛይን፣ ማክሰኞ ጠዋት። የመሠረት ምህንድስና፣ ማክሰኞ ጠዋት። ሁለቱም በአንድ ሰዓት፤ ድልድዩ በአዲሱ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ፣ መሠረቱ ከግቢው ማዶ ጣሪያው በሚያፈሰው አሮጌ አዳራሽ። ሁለቱም የግዴታ ናቸው። ደጋግሞ የቀረ ለፈተና አይቀመጥም፤ አንዱን የጣለ አይመረቅም። የመሠረቱ መምህራችን በመጪው ዓመት ለትምህርት ስለሚሄዱ ኮርሱ «ለጊዜው» አይሰጥም፤ «ለጊዜው» ማለት ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ ሰውም አልተገኘም። ይህን ሁሉ ፈርመውበታል። ማኅተሙም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ እግዜር ይስጥልን።

መርሐ ግብሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት የትየባ ስሕተት መስሎን ስቀን ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዘንድ ስንሄድ «እሱ የዳይሬክቶሬቱ ሥልጣን ነው» አሉን። ወደ ዳይሬክቶሬቱ ስንመጣ «የትምህርት ክፍሉ ካልጠየቀ እኛ ምን አገባን» ተባልን። ተመልሰን ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ተመልሰን ስንመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በኋላ እንደሰማነው ስብሰባው አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ነበር አሉ የተቀመጣችሁት። ጸሐፊዎ ግን አንጀታቸው የሚራራ ሴት ናቸው። «የኔ እናት፣ ሲስተሙ አንዴ ከተቆለፈ እንኳን እኔ እሳቸውም አይከፍቱት፤ በቃ እንደምንም ተቻችላችሁ ተማሩ» ብለው ሸኙን። እኛም እንደምንም ተቻቻልን። ወንጀላችን የሚጀምረው ከዚች ምክር ነው።

፪ኛ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የአካዳሚክ አማካሪ ስለመደቡልን እጅ እነሣለሁ። የኔ አማካሪ ውጭ አገር ከሄዱ ቆይተዋል፤ በራቸው ላይ ግን የተማካሪዎቻቸው ስም አሁንም ተለጥፏል፣ የኔም ከነአባቴ ስም እዚያው አለ። በሩን ብዙ ጊዜ አማክሬዋለሁ። ታጋሽ በር ነው፤ ነገር አያቋርጥም፣ ሰዓቱንም አያይም። ሌላ አማካሪ እንዲመደብልኝ ስጠይቅ ደግሞ ለዚህ የቀድሞ አማካሪዬ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የኔ አማካሪ ግን ጅቡ ሲመጣ አገር ውስጥም አልነበሩ።

፫ኛ። እንግዲህ የተቻቻልነው እንዲህ ነው። ሳልደብቅ የምጽፈው ጀግና ስለሆንኩ ሳይሆን መደበቁ ከመናገሩ ይልቅ እያስፈራኝ ስለመጣ ነው።

የክፍላችን ተጠሪ፣ በንግግሩ ማማር «ሚኒስትሩ» የምንለው ልጅ፣ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ሰብስቦ ለሁለት ከፈለን። ግማሾቻችን «ድልድዮች» ሆንን፣ ግማሾቻችን «መሠረቶች»። ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ መሠረት ተመደበለት። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም የየድርሻውን ክፍል ይከታተላል፤ ስም ሲጠራ ለራሱም ለጥንዱም «አለሁ» ይላል፤ ከእራት በኋላ ደግሞ አንዱ ለሌላው የተማረውን ያስተምራል። ሚኒስትሩ «ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ ማጭበርበር ሳይማሩ ተማርኩ ማለት ነው። እኛ እንማራለን። ይሄ ዕቅድ ነው!» አለን፤ እኛም አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር በአምስት ዓመት ውስጥ በዚህ ግቢ ያየሁት ብቸኛው የሠራ ዕቅድ እሱ ነው።

የድልድዩ መምህር ዕድሜ የጠገቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስም የሚጠሩ፣ ሲጠሩም ቀና የማይሉ ሰው ናቸው። «ጎርናናው» የምንለው ጓደኛችን ለጥንዱ ለአንዲት ደቃቃ ልጅ ድምፁን አቅጥኖ «አለሁ» ሲል፣ ክፍሉ ሳቁን ለመዋጥ ሲል በአንድነት ይስላል። መምህሩም ስሙን መጥራታቸውን ሳያቋርጡ «ይሄ ጉንፋን አልለቃችሁ አለ እኮ፣ ልጆቼ፤ ትኩስ ነገር ጠጡ እንጂ» ይሉናል። እሳቸውን ማታለላችን ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

የኔ መሠረት ጭምት ነበረች። ግቢው ውስጥ ከሚሠራው ሕንፃ አሸዋ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተሸክማ አምጥታ በአልጋዎቻችን መካከል ታስቀምጣለች። አሸዋው ላይ ጡብ ታቆማለች፣ ከዚያ ከሥሩ ባንድ ወገን ውሃ ታንጠባጥባለች። ጡቡ ቀስ እያለ ማጋደል ሲጀምር በትልቅ ዓይኗ ታየኝና «አየሽው? ጡቡ እኮ ምንም አላጠፋም፤ ጣጣው ከሥሩ ነው» ትለኛለች። እኔም በተራዬ በማስመሪያና በቀበቶ ድልድይ እሠራላታለሁ። በሕይወቴ ትምህርት እንደዚያ ሰሞን ገብቶኝ አያውቅም፤ ለዚህም ያለ ስላቅ አመሰግንዎታለሁ።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር ግን አለ። ከዚህ ግቢ ዘንድሮ የሚወጣው ግማሹ መሐንዲስ ድልድዩን ብቻ በክፍል ተቀምጦ የተማረ፣ ግማሹ ደግሞ ድልድዩ የሚቆምበትን ብቻ የተማረ ነው፤ የቀረውን ያስተማረን ሳፋ ነው። የሁሉም ጓደኛ እንደ ጭምት አስተማሪ ነው ብዬ አልምልልዎትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ድልድይ ሲገጥምዎ፣ እባክዎ፣ ከመኪናዎ ወርደው ቀስ ብለው ይሻገሩ።

፬ኛ። ዳይሬክቶሬትዎ ለትምህርት ጥራት ካለው ጭንቀት የተነሣ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለላከልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እዚያ የነበሩት እንደነገሩኝ፣ እኔ ድልድዩ ክፍል ሳለሁ ተቆጣጣሪው አሮጌው አዳራሽ ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጭንቅላት ቆጠሩ፣ ከዚያ ድምፅ ቆጠሩ። ጭንቅላቱ ግማሽ፣ ድምፁ ሙሉ ሆነባቸው።

የኔና የጭምት ስም በስም መጥሪያው ላይ ተከታትሎ ነው የሚመጣው። ሌሎቹ ሁሉ ለጥንዳቸው ሲመልሱ ይስላሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ ወይ ያቀጥናሉ። ጭምት ግን ውሸት ሲታደል የቀረች ልጅ ናት። በዚያው በራሷ ድምፅ፣ በዚያው ትሕትና፣ አንዱን «አለሁ» ሳትጨርስ ሁለተኛውን ታስከትላለች። ተቆጣጣሪው ብድግ ብለው «እስቲ ሁለታችሁም ተነሡ» አሉ። አንድ ልጅ ብቻዋን ተነሣች።

«ሌላዋስ?» አሏት። ዝም። «ማን ነው ያደራጃችሁ? ስንት ናችሁ?» ዝም። በዚያ ክፍል ውስጥ ገና አሁን ለሰው «አለሁ» ብለው የተቀመጡ፣ ትንሽ ቆይተውም ሊሉ የተዘጋጁ ጓደኞቻችን ሞልተው ነበር፤ ሁሉም የጠረጴዛቸውን እንጨት መመርመር ያዙ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ለጭምት ዝምታ ምስጋና ነው፤ ለኛ ዝምታ ግን ስሙን አላገኘሁለትም።

«ሁላችንም ነን» ብትል ኖሮ ኮሚቴው ፊት የምንቀርበው አብረን ነበር። አንድ ሙሉ ተመራቂ ክፍል ደግሞ አይባረርም፤ ጋውኑን ማን ይለብሰዋል? ከዚያ ስትመለስ ለምን እንዳልተናገረች፣ ሌላው ቢቀር የኔን ስም እንኳን ለምን እንዳልሰጠቻቸው ጠየቅኳት። ጫማዋን እያወለቀች «አንቺንም ካባረሩሽ ድልድዩን ማን ይጨርስልኛል?» አለችኝ። ስሜን ከስም መጥሪያው ላይ ራሳቸው አገኙት፤ እስካሁን ግን የተከሰሰችው እሷ ብቻ ናት።

፭ኛ። አምስተኛውን ቅሬታዬን ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት ነበር። አሁን መብራት አያሳስበኝም፤ በእሱ ፈንታ ክፍላችን ውስጥ የሚሆነውን ልጻፍልዎ፣ ሌላ የምነግረው ባለሥልጣን የለኝምና።

የክሱ ደብዳቤ ከደረሳት ወዲህ ጭምት አልቅሳ አታውቅም። ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ ትደረድራለች። የአልጋ ልብሷን አጠበች፣ መጋረጃውን አጠበች፣ የኔንም ካልሲ ሳይቀር አጠበች። ሒሳብ ማሽኗን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ «አንቺ ጋ ይቆይ» አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አሸዋውን ወደመጣበት መልሳ፣ ሳፋውን አጥባ፣ ከአልጋዬ ሥር ደፍታ አስቀመጠችልኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ባዶ ሳፋ ሳየው የደነገጥኩትን ያህል የክሱ ደብዳቤ እንኳን አላስደነገጠኝም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሑድ ደውለው፣ ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም እየሰማሁ፣ «ልጄ፣ ወፈርሽ ወይስ ከሳሽ? የምርቃት ቀሚስሽን ወገቡን ልጨርሰው ነው» አሏት። «እንደነበርኩ ነኝ፣ እማዬ» አለቻቸው። የለበሰችው ጉርድ እንዳይወልቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ እኔም ያልቆሸሸ ወለል ጠረግሁ።

አሁን መታጠቢያ ቤት ስትገባ ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ስለ ምግቡ፣ ስለ አየሩ፣ ለማንም የማይረባ ወሬ እለፈልፋለሁ፤ መልስ ስትሰጠኝ ብቻ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው። ለምን እንደምፈራ አላብራራም። ልጅ ካለዎት ይገባዎታል፤ ከሌለዎትም የእናቷን ስልክ እሰጥዎታለሁ።

ጓደኞቻችንን አይጠይቁኝ። የጋራ የቴሌግራም ግሩፓችን ተቆጣጣሪው በመጡበት ቀን ጠፋ። ሚኒስትሩ ድምፁ ተዘግቶበታል፤ ጎርናናው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ሲያየኝ ሰሐኑን ይዞ ይነሣል። አልፈርድባቸውም። እኔም ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር እየሠራች እዚህ ያደረሰችኝ። ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላት ጮኸች፤ «አርፈሽ ተመረቂ! እሷን ለማዳን አንቺ ምን ቤት ነሽ? እኔ እግሬ እስኪያብጥ የቆምኩት አንቺ ገደል እንድትገቢልኝ ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ እሷው ቀድማ አለቀሰች። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለእህቴ ልሆን ብዬ ብዙ ሞክሬያለሁ።

፮ኛና የመጨረሻው። የፈተናው መርሐ ግብርም ወጥቷል። የድልድይ ዲዛይንና የመሠረት ምህንድስና ፈተናዎች በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ናቸው፤ እንደ በፊቱ። አንድ መሻሻል ግን አይቻለሁ፤ በዚህኛው ላይ የወንበር ቁጥርም ተሰጥቶናል፣ በሁለቱም አዳራሽ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ በማኅተም ነው የሚደርሰው።

በክሱ ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ እንደሆኑ አነበብኩ። በሬ ካራጁ ይውላል፤ እኛም ጉዳያችንን ይዘን የምንመጣው ወደዚያው ቢሮ ነው። ጭምት «በአንድ ሰዓት ሁለት ሰው ሆና የቀረበችበትን ምክንያት» በጽሑፍ እንድታስረዳዎ ጠይቀዋታል። ጽፋ ስለማትሰጥዎ እኔ ላስረዳ። እርስዎ አንድን ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ እንዲገኝ አዘዙ፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መገኘት ስላልቻለ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ተገኙ። ከዚህ ውጭ ትእዛዝዎን የሚፈጽም መንገድ ካለ ሐሙስ ዕለት ለኮሚቴው ያስረዱ፤ እኛም ተቀምጠን እንማራለን፣ ቀሪም አንሆንም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ እስክሪብቶ የሚያልቁ ናቸው። የአንዱን ኮርስ ሰዓት፣ ከነፈተናው፣ ወደ ሌላ ቀን ይቀይሩልን። ጭምትን ደግሞ ይተዉልን። እሷ ጡቧ ናት፤ ምንም አላጠፋችም። ከሥር ያለውን እርስዎ ያውቁታል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ባለ ብዙ በር ቢሮ፣ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ፣ እንዲሁም ሁለት ግብዣ በአንድ ሰዓት የማይገጥምበት የተስተካከለ ቀን እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። ስሜን እዚህ አልጽፍም፤ በክሱ ላይ ጽፈውታልና ከዚያ ያንብቡት።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣
በአሮጌው አዳራሽ ሳትኖር «አለሁ» የተባለላት ተማሪዎ።

ማሳሰቢያ፦ በኮሚቴው ደንብ መሠረት የተከሳሽ ስም ከበር ላይ ይጠራል ተብያለሁ። ሐሙስ የጭምትን ስም ሲጠሩ ከእሷ ጋር «አለሁ» የሚል ሌላ ድምፅ ይሰማሉ፤ እሱ እኔ ነኝ፣ ድምፄንም አልቀይርም። ይህን ደብዳቤ በየመኝታ ክፍሉ በር ሥር አስገብቻለሁ፤ ከኔ ቀጥሎ ጎርናና ወይም ቀጭን፣ የሚያስል ወይም የሚንተባተብ ድምፅ ከሰሙ፣ እባክዎ ያን ጊዜ እንኳን ቀና ብለው ይቁጠሩን። ማንም ካልተከተለኝ ደግሞ ሁለት ብቻ ነን ማለት ነው። እኔ ግን እመጣለሁ።